የአሮጌ ትራክተር መሪ ዘይት ሲያፈስ፦ ጥያቄና መልስ

ስለ አሮጌ ትራክተር ፓወር ስቲሪንግ (በዘይት ግፊት ስለሚታገዘው መሪ) ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ የመጣው ጥያቄ አብዛኛው ስለ ዘይት ማፍሰስ ሆነ። ቤላሩስና ማሲ ፈርጉሰን ያላችሁ ትበዛላችሁ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ።

ጋሼ፣ ቤላሩስ 80 አለኝ። የመሪው ዘይት እየጎደለ ነው፣ መሬት ላይ ግን አንድም ጠብታ አይታይም። የት ነው የሚገባው?

መጀመሪያ የሞተር ዘይት መለኪያውን መዘህ እየው። ከላይኛው ምልክት አልፎ ከሆነ የጠፋውን አገኘኸው። በዚህ ትራክተር የመሪው ፓምፕ፣ ኤንሽ 10 የሚባለው፣ የሚዞረው በቺንጊያ ሳይሆን በሞተሩ ማርሽ ነው። የፓምፑ ዘንግ ኦይል ሲል (ዘይት እንዳይወጣ የሚያሽገው የጎማ ቀለበት) ሲያልቅ ዘይቱ ውጭ አይወጣም፤ ወደ ሞተሩ ኮፓ፣ ማለትም ወደ ታችኛው የዘይት መያዣ፣ ይወርዳል።

ለማረጋገጥ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ የመሪውንም የሞተሩንም ዘይት ልክ ምልክት አድርግ፤ ስትሠራ ውለህ በማግስቱ ጠዋት እዚያው ቦታ ላይ ቆሞ ሳለ ለካ። አንዱ ሲወርድ ሌላው ከወጣ ፓምፑን አስፈታ። ቸል ብትለው የሞተሩ ዘይት ከልክ በላይ ሞልቶ አረፋ ይሠራል፣ በክራንኩ (በሞተሩ ዋና ዘንግ) ኦይል ሲል በኩልም መውጣት ይጀምራል። ያኔ ባለሙያው የክራንኩን ኦይል ሲል ይቀይርልሃል፣ አንተ ትከፍላለህ፣ ማፍሰሱ ግን ይቀጥላል።

ፓምፑ ሲፈታ ኦይል ሲሉ የሚያርፍበትን የዘንጉን ቦታ በጥፍርህ ፋቅ አድርገው። ጥፍርህን የሚይዝ ጎድጓዳ መስመር ካለ አዲሱ ኦይል ሲል ብዙ አይቆይም። ሙሉ ፓምፕ የምትገዛ ከሆነ ደግሞ የሚዞርበትን አቅጣጫ ከአሮጌው ጋር አስተያይ፤ ግራ የሚዞረው በስሙ መጨረሻ የሩሲያኛ «ል» ፊደል ተጽፎበታል። በተቃራኒው የሚዞረውን ከገጠምክ ግፊቱ ወደ ዘንጉ ዞሮ አዲሱን ኦይል ሲል ገፍቶ ያወጣዋል። ከዚያ ሁሉም ሰው «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ይላል።

የመሪው ዘይት ሲጎድል ሱቅ ሄጄ ቀዩን ዘይት ሰጡኝ። ልክ ነው?

ለቤላሩስ አይደለም። የመሪው ሳጥን የሚጠቀመው እንደ ሞተሩ የሞተር ዘይት ነው፤ ቀዩ (የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት) ቀጭን ስለሆነ ባረጀ ማሸጊያ ቶሎ ያልፋል። በማሲ ፈርጉሰን እንደ ሞዴሉ ስለሚለያይ መጽሐፉ የሚለውን ተከተል። የፍሬን ዘይት ግን በየትኛውም አይጨመር። የዚህ ሲስተም ማሸጊያ ጎማዎች የተሠሩት ለማዕድን ዘይት ነው፤ የፍሬን ዘይት ያበላሻቸዋል፣ ከዚያ በሁሉም በኩል ያፈሳል።

እኔ ባለቤት እንጂ መካኒክ አይደለሁም። የትራክተሩ ፊት በሙሉ ዘይትና አቧራ ነው፤ ከየት እንደሚወጣ እንዴት ልወቅ?

እህቴ፣ ያሉበት ሁኔታ ለማንም ያስቸግራል። ሞተሩ በርዶ ሳለ በናፍጣና በብሩሽ ያሳጥቡት፣ ቀጥሎ በሳሙናና በውኃ፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ በደንብ ይድረቅ። የፉርኖ ዱቄት ወይም የሕፃን ፓውደር በቱቦዎቹ መጋጠሚያ፣ በፓምፑ ዙሪያና መሪውን በሚገፋው ፒስተን ጫፍ ነስንሰው ሞተሩን ያስነሱ። አንድ ሰው መሪውን ከዳር እስከ ዳር ቀስ ብሎ ያዙር። መጀመሪያ የሚረጥበው ዱቄት የመፍሰሻው ቦታ ነው። ዘይት ወደ ታች ይወርዳል፣ በሥራ ላይ ደግሞ ነፋስ ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ስለዚህ ከሚረጥበው ሁሉ ከፍ ብሎ ወደ ፊት ያለውን ይመኑ።

አንድ ነገር አደራ፦ ሞተሩ እየሠራ ቱቦ በእጅ አይዳሰስ፣ በጓንትም ቢሆን። ከቀጭን ቀዳዳ በግፊት የሚወጣ ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል። ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ያህል ይሆንና ሰው ይንቀዋል፤ ውስጥ ውስጡን ግን ሥጋውን ይገድላል፣ እጅ እስከ ማስቆረጥ ይደርሳል። የጠረጠሩትን ቦታ በካርቶን ይመርምሩ። ሰው ከተመታ ባያመውም በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂድ፣ ዘይት በግፊት መግባቱንም ለሐኪሙ ይንገር።

የማሲዬን የመሪ ፒስተን ጎማዎች ደጋግሜ አስቀየርኩ፤ ጥቂት ቆይቶ ያው ነው።

ከፒስተኑ የሚወጣውን የሚያብረቀርቅ ዘንግ ጠርገህ በብርሃን ተመልከተው። የዝገት ነጠብጣብ ወይም ጭረት ካለ ጎማውን እንደ ሞረድ እየበላው ነው። ችግሩ ዘንጉ ላይ እያለ ጎማ መቀየር ገንዘብ ማፍሰስ ነው። ዘንጉ ክሮም ይለበጥ ወይም ይቀየር። በሸራ ወረቀት አሽቶ «አለሰለስኩት» የሚል ባለሙያ ካጋጠመህ ቁልፍህን ይዘህ ሂድ። ትራክተሩ ክረምቱን ደጅ የሚከርም ከሆነ ዘንጉ ወደ ውስጥ ገብቶ ይቁም፣ ውጭ የቀረውን ግሪስ ቀባው።

የቤላሩስ ባለቤቶችም ተመሳሳይ ጥያቄ ልካችኋል፦ ከመሪው ሳጥን ሥር፣ ክንዱ ከተያያዘበት ዘንግ ነው የሚንጠባጠበው። ክንዱን ይዛችሁ ወደ ጎን ወዝውዙት። ዘንጉ የሚጫወት ከሆነ ማረፊያው አልቋል ማለት ነው፤ የሚወዛወዝ ዘንግ ላይ ያለ ኦይል ሲል ዘይት አይዝም።

ማሲ 290 ነው። ዘይቱ በመሪው አምድ ወርዶ እግሬ ላይ ይንጠባጠባል።

ይህ ሃይድሮስታቲክ መሪ (ጎማውን በብረት ሳይሆን በዘይት ብቻ የሚያዞር) ስለሆነ ከአምዱ ሥር ያለው የመሪ ቫልቭ የላይኛው ኦይል ሲል ነው። ከመቀየርህ በፊት ግን ዘይቱ የሚመለስበትን ቱቦ ፈትሽ። ተጣሞ፣ ውስጡ ተላጦ ወይም ፊልትሩ ደፍኖት ከሆነ መመለሻ ያጣው ግፊት ያንን ኦይል ሲል ይገፋዋል። ቀላሉን ሳትነካ ከባዱን አታስፈታ።

ከመሪው ዘይት ታንክ ክዳን አረፋ ይገነፍላል፣ ፓምፑም ያፏጫል።

አየር እየገባ ነው። ከታንኩ ወደ ፓምፑ በሚሄደው መስመር የላላ ክራባት (የቱቦ ማሰሪያ) ወይም የደረቀ ኦሪንግ (ማሸጊያ የጎማ ቀለበት) ፈልግ። ሞተሩ ሲሠራ ያ በኩል ስለሚስብ ዘይት አያንጠባጥብም፤ ሲቆም ነው የሚረጥበው። ዘይት ማነሱም ያው ስሜት ይሰጣል፣ እሱን አስቀድመህ እይ። እስከ አፉ መሙላትም ስህተት ነው፤ ዘይት ሲግል ይሰፋል፣ ትርፉ በክዳኑ ይወጣል።

ማፍሰስ ያቆማል የሚባለው መድኃኒትስ?

የደረቀ ጎማ ለጊዜው ያለሰልሳል። ለተበላ ዘንግም ለተቀደደ ቱቦም አይሠራም። እኔ አልጨምርም።

እርሻው አልቆ እስኪረጋጋ ድረስ ያለ መሪ ዘይት መሥራት ይቻላል?

አይቻልም። ፓምፑን የሚያለሰልሰው ያው ዘይት ነው፤ ሞተሩ በማርሽ ስለሚያዞረው ማላቀቂያ የለውም፣ ደርቆ ይፋጫል። ሃይድሮስታቲክ ከሆነማ መሪው ራሱ ይጠፋል፤ አስፋልት ላይ እንዳታወጣው። መጠነኛ ማንጠባጠብ ከሆነ ንጹሕ ጀሪካን ይዘህ ጠዋትና ቀትር እየለካህ ጨምር፤ መሪውንም ጥግ ላይ አስይዘህ አታቆየው፣ ያኔ ዘይቱ በግፊት መልቀቂያው እየዞረ ይግላል፣ የቀሩትን ጎማዎችም ያደርቃቸዋል።