የሌሊት ዱቲ ሁሌም የእኔ ነው

ጤና ይስጥልኝ ሲስተር፣

አምድዎን አነባለሁ፤ እኔ ራሴ እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ዛሬ ግን አንገቴ ድረስ ሞላ። ነገሩ ስለ ሄድ ነርሳችን ነው። የወሩን ፕሮግራም የምታወጣው እሷ ናት። ፕሮግራሙ ሲለጠፍ ሌላው ሰው ስሙን ይፈልጋል፣ እኔ መፈለግ አያስፈልገኝም፤ ሌሊት የሚለው ስር ነኝ። በዓል ሲመጣ እኔ፣ እሁድ ሲመጣ እኔ። ሰው ሲቀር የሚደወለውም ለእኔ ነው። ለምን ስላት "አንቺ እኮ ልጅ የለሽም" ትለኛለች። ልጅ የሌለው ሰው አይተኛም ማለት ነው? እናት አለችኝ፣ እጮኛ አለኝ፤ ማንም ባይኖረኝ እንኳ ቢያንስ አልጋ አለኝ!

የምታቀርባቸው ሁለት ነርሶች አሉ። ጠዋት ገብተው ማታ ቤታቸው ናቸው። አንዷ ኦፍ ስትፈልግ በስልክ ይፈቀድላታል፣ እኔ ስጠይቅ "ማመልከቻ ጻፊ" ነው። ጻፍኩ። መልስ የለም። ይባስ ብሎ ጠዋት ርክክብ ላይ ስትመጣ የሚታያት ያልተቀየረው አንሶላ ነው። እንዴት እንዳደርን አትጠይቅም። ሌሊት ሁለት ነን፣ አንዳንዴ አንድ። አስታማሚ "ግሉኮሱ አለቀ" እያለ ይጮሃል፣ የአንዱ መስመር ይዘጋል፣ አንድ አባት ግራ ተጋብተው ከአልጋ ሊወርዱ ይነሳሉ፣ እኔ ቻርት የምሞላው ቆሜ ነው። ተረኛው ሐኪም ተኝቷል። እሱን መቀስቀስ እንኳ ትቻለሁ፤ ድሮ ስደውል "ለዚህ ነው የቀሰቀስሽኝ?" እያለ መጥቶም በታካሚ ፊት ሲያዋርደኝ ስለነበር አሁን ካልባሰ በቀር እስኪነጋ ራሴ ይዤ አድራለሁ፣ ለምጄዋለሁ፣ እሱ አያስጨንቀኝም። እኔን ያቃጠለኝ የሷ አድልዎ ነው።

በቀደም ፊት ለፊት ጠየቅኳት። "ሙያው ይሄ ነው፣ ካልቻልሽ በሩ ክፍት ነው" አለችኝ። በባልደረቦቼ ፊት። ማንም ምንም አላለም። እነዚያ ሁለቱማ ስልካቸው ላይ አቀረቀሩ።

ይገርምዎታል፣ እውነትም አንድ በር ተከፍቷል። አንድ የጤና መድን ድርጅት የሕክምና ሰነድ የሚመረምር ነርስ ይፈልጋል። ቀን ብቻ ነው፣ ቁጭ ብሎ ነው፣ ደመወዙም ካሁኑ አያንስም። እናቴም እጮኛዬም "ምን ትጠብቂያለሽ?" ይሉኛል። ቅጹን ሞልቻለሁ። ግን ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ ለምን እንደማላስገባው አላውቅም። ይህን ሙያ ስማር ከታካሚ አጠገብ መሆን ነበር የምፈልገው። አሁን ብሄድ ሸሸሁ ማለት ነው? ወይስ ቀድሞውንም ለዚህ ሙያ አልተፈጠርኩም?

ተረኛዋ ነኝ

*

ልጄ፣

የሄድ ነርስሽን ነገር ቶሎ ልጨርሰው። ታዳላለች። ልጅ የለሽም ብሎ ሌሊቱን ሁሉ አንድ ሰው ላይ መጫን አስተዳደር አይባልም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2007 የሌሊት ፈረቃን "ካንሰር የማምጣት ዕድሉ ከፍ ያለ" ከሚላቸው ነገሮች ጋር መድቦታል፣ በ2019 እንደገና መርምሮም ከዚያው ምድብ አላወጣውም። ይሄ ደግሞ ልጅ ያላት የሌላት ብሎ አይመርጥም። እና ከእንግዲህ በቃል አትከራከሪያት። የተለጠፉትን ፕሮግራሞች ፎቶ አንሺ፣ ማን ስንት ሌሊት እንደገባ በአንድ ገጽ አስቀምጪ፣ ከእሷ በላይ ላለው የነርሲንግ ኃላፊ በጽሑፍ አስገቢና ቀን የተጻፈበት ቅጂ ያዢ። "ትጠላኛለች" የምትል ቃል እንዳትገባበት፤ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። ስትጠይቂም ከጠዋት ወደ ከሰዓት፣ ከከሰዓት ወደ ሌሊት የሚዞር ተራ ጠይቂ፤ ወደ ኋላ ከሚዞረው ይልቅ ሰውነት ይሄን ይችለዋል። በቃ፣ ስለ እሷ ይሄው ነው።

አሁን ወደ ጨነቀኝ ነገር። በመሃል አንድ ነገር ጣል አድርገሽ አልፈሻል። ተረኛውን ሐኪም መቀስቀስ ትቻለሁ፣ ለምጄዋለሁ፣ አያስጨንቀኝም ብለሻል። እንዴት አያስጨንቅሽም? እኔን አስደንግጦኛል! ስለ አንሶላና ስለ ኦፍ ያን ያህል ጽፈሽ ይሄን በግማሽ ትንፋሽ ማለፍሽ ደግሞ ይበልጥ አስደነገጠኝ።

"ካልባሰ በቀር" ትያለሽ። መባሱን ማን ይነግርሻል? ታካሚ ደወል እየደወለ አይብስም። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚለወጠው አተነፋፈሱ ነው፣ እኛ ደግሞ ሲደክመን ቀድመን የማንቆጥረው እሱኑ ነው። የብሪታንያ የሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2012 አውጥቶ በ2017 ያሻሻለው የቅድመ ማስጠንቀቂያ ነጥብ አለ። በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ለሚተነፍስ አዋቂ ዜሮ ይሰጣል። 25 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ለትንፋሹ ብቻ 3 ነጥብ ነው፣ አንድ ልኬት ብቻውን 3 ካመጣ ደግሞ ነርሷ ለሐኪም መንገር አለባት። የልኬቶቹ ሁሉ ድምር 5 ሲደርስ አስቸኳይ ነው፣ 7 ሲደርስ ድንገተኛ። በደቂቃ 25 ጊዜ የሚተነፍስ ሰው ከበሩ ላይ ሆነሽ ስታዪው ደህና የተኛ ሊመስልሽ ይችላል። ጠጋ ብለሽ ቆጥረሽ አገኘሽው እንበል። ከዚያ የዶክተሩ ድምፅ ትዝ ይልሽና ስልኩን ትተይዋለሽ። ሲነጋ ቻርቱ ላይ የሚገኘው ያንቺ ፊርማ ነው። የእሱ ቁጣ የትም አልተጻፈም።

አትሳሳቺ፣ ለእሱ ጥብቅና አልቆምኩም። ተረኛ ሐኪም እዚያ የሚያድረው ሊቀሰቀስ ነው፣ የሚከፈለውም ለዚያ ነው። ንግግሩንም እንደ ግል ቂም አድርገሽ ውጠሽ አትቀመጪ፣ የታካሚ ደህንነት ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ጥናት ትዝ ይለኛል። የጨቅላ ሕፃናት ፅኑ ሕክምና ቡድኖችን በልምምድ ላይ አደረጓቸው፣ ከፊሎቹን አንድ "ባለሙያ" ዝቅ አድርጎ ተናገራቸው። ስድብ እንኳ አይባልም፣ ቀለል ያለ ንቀት ነው። የተናቁት ቡድኖች ሕመሙን በመለየትም በእጅ ሥራቸውም ከሌሎቹ አነሱ። የሐኪም ቁጣ የነርሷን ስሜት ብቻ ነው የሚጎዳው ለሚል ሰው ይሄን ንገሪው። እና የሚያዋርድሽን ቀን፣ ሰዓትና ቃል በቃል ያለውን ጽፈሽ ለሜዲካል ዳይሬክተሩ ወይም ለነርሲንግ ኃላፊው አቅርቢ። እስካሁን ለምን እንዳላቀረብሽ ይገባኛል፤ ባልደረቦችሽ ስልካቸው ላይ ያቀረቀሩበት ዋርድ ውስጥ ብቻን መቆም ከባድ ነው። ግን አቅርቢ።

እስከዚያው ስትደውዪ "ለዚህ ነው?" የሚልበት ቀዳዳ አትስጪው። "ዶክተር፣ አባባ ደስ አላሉኝም" ብለሽ አትጀምሪ። አራት ነገር በተርታ፦ አሁን ምን ሆነ፣ ታካሚው ማን ነው፣ ምን ይመስልሻል፣ ምን ትፈልጊያለሽ። ይህ አነጋገር የመጣው ከአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰርጓጅ መርከቦች ነው ይባላል፤ ውሃ ስር ሆኖ የሚኮሳተርበት ጊዜ ያለው አይመስለኝም። እንዲህ በይው፦

"ዶክተር፣ የሌሊት ተረኛዋ ነርስ ነኝ። አልጋ 6 ያሉት አባት በደቂቃ 26 ይተነፍሳሉ፣ ማምሻውን 18 ነበሩ። ትናንት የሆድ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ናቸው። ኢንፌክሽን ወይም የሳንባ ችግር እንዳይሆን ሰግቻለሁ። አሁን መጥተው እንዲያዩልኝ እፈልጋለሁ፣ እስኪመጡ ምን ልጀምር?"

ከዚያ ዝም በይ። ይቆጣ። ሲጨርስ "እሺ ዶክተር፣ ስንት ሰዓት ይመጣሉ?" በይው። የደወልሽበትን ሰዓት፣ የነገርሽውን፣ የመለሰልሽን ቻርቱ ላይ ጻፊ። ካልመጣ ከሱ በላይ ላለው ደውዪ። ይህን ለማድረግ የማንም ፈቃድ አያስፈልግሽም። ዓለም አቀፉ የነርሶች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1953 ያጸደቀውና እስካሁን እያሻሻለ ያቆየው የሥነ ምግባር ደንብ የነርስን የመጀመሪያ ኃላፊነት የሚያስቀምጠው እንክብካቤ ለሚሻው ሰው ነው። ለዶክተሩ እንቅልፍ አላለም።

አሁን ቦርሳሽ ውስጥ ስላለው ቅጽ። እኔ ለአልጋ ዳር አደላለሁ፣ ይህን አውቀሽ አንብቢኝ። መድን ቤት መሄድ ክህደት አይደለም፤ መድኃኒት በእጇ የሰጠች ሰው ሰነድ ላይ የምታየውን ሌላው አያየውም። እንቅልፍሽን፣ ጤናሽን፣ ሊመሠረት ያለ ትዳርሽን ብለሽ ብትሄጂ ማንም ሊጠይቅሽ አይችልም። ግን የጻፍሽልኝ እንደዚያ አይደለም። ከአንድ ሰው ድምፅ ለመራቅ እየሄድሽ ይመስለኛል፣ ቅጹንም ያላስገባሽው ይሄን ስለምታውቂው ነው። ስልክ ለማንሳት እየፈራሽ ወንበር ብትቀይሪ፣ እዚያም "ይህን ክፍያ ዝም ብለሽ እለፊው" የሚልሽ አለቃ ይመጣል፣ አንቺም ታልፊዋለሽ።

"ለዚህ ሙያ አልተፈጠርኩም ይሆን?" ትያለሽ። አንድ ነርስ ሙሉ ዋርድ ይዛ ስታድር፣ ለዚያ የተፈጠረ ሰው ካለ አሳዪኝ! እ.ኤ.አ. በ2002 ሊንዳ ኤይከንና ባልደረቦቿ ያሳተሙት ጥናት ለአንድ ነርስ አንድ ታካሚ በተጨመረ ቁጥር ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሰዎች በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድላቸው በ7 በመቶ እየጨመረ እንደሚሄድ አሳይቷል። ሩጫው ከአቅምሽ በላይ የሆነው አንቺ ስለደከምሽ አይደለም። የሰው ቁጥር ስላነሰ ነው። ይህንንም ለኃላፊው በምታስገቢው ገጽ ላይ ጨምሪው፦ በየትኛው ሌሊት ብቻሽን እንደነበርሽ፣ ስንት ታካሚ እንደነበረ።

እና ምክሬ፣ ቅጹን አሁን አታስገቢ። መጀመሪያ ወደ ሌላ ክፍል ዝውውር ጠይቂ። ዳያሊሲስ፣ ኦፕሬሽን ክፍል፣ ተመላላሽ፣ የትም ይሁን፣ ከሄድ ነርስሽና ከዶክተሩ ውጪ ነርስነት ምን እንደሚመስል እዪው። ገና እኮ አላየሽውም። እናትሽና እጮኛሽ የሚያዩት ቀይ ዓይንሽን ነው፣ አልፈርድባቸውም፣ ግን ውሳኔው የነሱ አይደለም። የመድን ቤቱ ቦታ እስከዚያ ካመለጠ ያምልጥ፤ ነርስ የሚፈልግ መሥሪያ ቤት አይጠፋም። ሌላ ክፍል ሠርተሽም፣ ሳትፈሪ እየደወልሽም ልብሽ ቢሮውን ካለ፣ ያኔ ሂጂ። የሙያ ፈቃድሽን ግን እያሳደስሽ።

ይህን የምታነቢው ዛሬ ማታ ገቢ ሆነሽ ከሆነ፣ ርክክብ እንዳለቀ የሁሉንም ትንፋሽ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሪ። መደወል ካለብሽ ደውዪ። ከጮኸብሽ ያለውን እንዳለ ጻፊልኝ፣ ስሙን አልፈልግም።