ድሮፕ ከማድረጉ በፊት አድቫይዘሩን ያግኝ

«ወንድሜ ሁለተኛ ዓመት ነው። ድምር ጂፒኤው (አማካይ ውጤቱ) ወደ 1.85 ወርዷል፤ በዚህ ሴሚስተር አንዱን ከባድ ኮርስ ድሮፕ ላድርግ፣ ከምዝገባዬ ላሰርዘው ይላል። አድቫይዘርህን (አማካሪ መምህርህን) አማክር ስለው ‹ስሙ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል፣ መልኩን ግን አላውቀውም› አለኝ። ለመሆኑ አድቫይዘር ምን ይጠቅማል?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ፦

እኔም የአድቫይዘሬን መልክ በቅጡ ሳላውቅ ነው ሁለተኛ ዓመት የገባሁት። የገበሬ ልጅ ነኝ፣ ከጎጃም፣ ከእነማይ። ኢኮኖሚክስ ደረሰኝ። ማይክሮ አንድን ሁለት ሳምንት ተምሬ ምንም ጠብ አልል ሲለኝ ጊዜ፣ የዶርም ልጆች «ድሮፕ አድርገው፣ ጂፒኤህን አታበላሽ» አሉኝ። ፎርሙን ይዤ አድቫይዘሬን ኮሪደር ላይ አገኘሁት። ወደ ክፍል እየገባ ነበር፤ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ፈረመልኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርሁትም። በቀጣዩ ሴሚስተር ማይክሮ ሁለትን ልመዘገብ ስሄድ «አንድን ሳትወስድ ሁለትን አትወስድም» ተባልሁ። ማይክሮ አንድ ደግሞ የሚሰጠው በዓመት አንዴ፣ ከኋላ ከሚመጣው ባች ጋር ነው። እንዲህ ሆኜ ከጓደኞቼ አንድ ዓመት ቀረሁ። አባቴ ለምርቃቴ ሲቀልበው የነበረውን ሙክት ለፋሲካ አረደው። ለእኔ ሌላ ጀመረ።

አሁን እኔው አስተማሪ ሆኜ የማማክራቸው ልጆች ተመድበውልኛል። ስለዚህ ከጠረጴዛው ወዲያም ወዲህም ተቀምጬ ያየሁትን ነው የምነግርሽ።

መጀመሪያ ሂሳቡን እንሥራው። ወንድምሽ እስካሁን 90 ኢሲቲኤስ (የኮርስ ክብደት መለኪያ ነው) ወስዷል እንበል። 1.85 በ90 ሲባዛ 166.5 ነጥብ ነው። በዚህ ሴሚስተር 30 ቢወስድ፣ ድምሩን 2.0 ለማድረስ 2.45 ማምጣት አለበት። ባለ 5 ኢሲቲኤሱን ኮርስ ድሮፕ ቢያደርግ ከቀሩት 25 ላይ 2.54 ይጠበቅበታል። ድሮፕ ሳያደርግ ወስዶ ሲ ቢያገኝስ? ከቀሩት የሚጠበቅበት ያው 2.54 ነው፤ ሲ ማለት 2 ነውና ወደ ላይም ወደ ታችም አይጎትተውም። ዲ ካገኘ 2.74፣ ኤፍ ካገኘ 2.94 ይሆንበታል። እንግዲህ ሲ የማምጣት ተስፋ ካለው ድሮፑ ለጂፒኤው አይፈይድለትም፤ የሚበላው ዓመቱን ነው። ኤፍ የማይቀርለት ከሆነና ኮርሱ ለሌላ ኮርስ ፕሪሪኩዚት (ቀድሞ መወሰድ ያለበት) ካልሆነ ግን ድሮፕ ያድርግ፤ እኔ ብሆን እፈርምለታለሁ።

አድቫይዘር ይህን በአምስት ደቂቃ ይሠራለታል። ግን ልጁ ግሬድ ሪፖርቱንና የሚመዘገብባቸውን ኮርሶች ዝርዝር ይዞ መግባት አለበት። ባዶ እጁን መጥቶ «ቲቸር፣ ትንሽ ከብዶኝ ነው» የሚለኝን ልጅ እኔም «በርታ» ብዬ ነው የምሸኘው። ሌላ ምን ልበለው? ደግሞም አድ ኤንድ ድሮፕ (ኮርስ የመጨመሪያና የመሰረዣ ጊዜው) ሳይዘጋ ይሂድ፤ ከተዘጋ በኋላ የሚመጣ ተማሪ ከእኔ የሚያገኘው ማዘን ብቻ ነው።

አጎቴ ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ሲማሩ የኔታ የእያንዳንዱን ተማሪ ቅኔ ሰምተው ያርሙ ነበር፤ ማን የት ላይ እንደተሰናከለ ያውቃሉ። ከገጠር የሚመጡ ልጆቻችን ያንኑ የሚጠብቁ ይመስለኛል፤ «ከፈለገኝ ይጠራኛል» ይላሉ። እዚህ ካልሄዱ የሚጠራቸው የለም። በር ማንኳኳት ማስቸገር መስሎ የሚታየው ልጅ ከሆነ አንድ ጓደኛ ይዞ ይግባ፣ ምንም ነውር የለውም።

የማንችለውም አለ። አድቫይዘር ግሬድ አይለውጥም፤ ቅሬታ ካለው ቀነ ገደቡ ሳያልፍ መጀመሪያ ላስተማረው መምህር፣ ከዚያ ለዲፓርትመንቱ ኃላፊ ያቅርብ። ዲስሚሳልና ሪአድሚሽንን (መባረርንና ተመልሶ መግባትን) በተመለከተ የዶርም ወሬ አይስማ፤ ደንቡ በየዩኒቨርሲቲው ሴኔት ሌጅስሌሽን ላይ ተጽፏል፣ ገጹን እንዲያሳየው አድቫይዘሩን ይጠይቅ። ታምሞ ወይም ቤት ውስጥ ችግር ገጥሞት ማቋረጥ ግድ ካለው ደግሞ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ዝም ብሎ ወደ መናኸሪያ እንዳይወርድ! ዊዝድሮዋል (የማቋረጫ ፎርም) ሞልቶ፣ አስፈርሞ ይውጣ። ሳይሞሉ ጠፍተው ሲመለሱ ፍዳቸውን ያዩ ልጆች አውቃለሁ።

«እንደምንም ልለፈው እንጂ» የሚለውንም ይተወው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፣ ማለፊያው 50 በመቶ ነው፤ እንደምንም የታለፈው ኮርስ እዚያ ላይ ተመልሶ ይጠብቀዋል።

ድሮፕ ሊያደርገው ያሰበው ኮርስ ስሙ ማን እንደሆነ አልጻፍሽም። ዲፓርትመንቱንና ኮርሱን ንገሪኝ፤ ፕሪሪኩዚት ሆኖ ካገኘሁት «እፈርምለታለሁ» ያልሁትን መልሼ እወስደዋለሁ።