የት እንደር? በአርቪ ለሚጓዙ አንባቢዎች የተሰጠ መልስ

በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ወደዚህ ዓምድ የሚመጡት ጥያቄዎች መልካቸው ይለወጣል። ዘንድሮ አርቪ፣ ማለትም አልጋና ማዕድ ቤት ያለውን የጉዞ መኪና፣ ተከራይተው ለመውጣት ያሰቡ ብዙ አንባቢዎች ጽፈውልኛል። የሚጠይቁትም «የት እንሂድ?» ብለው ሳይሆን «የት እንደር?» ብለው ነው። በእርግጥም በቅድሚያ ሊጠየቅ የሚገባው እሱ ነው። በዚህ መኪና የፈለጉበት መዋል ይቻላል፤ የፈለጉበት ማደር ግን አይቻልም። ጠዋት ሞተር ከማስነሳት በፊት የማታው ማደሪያ መታወቅ አለበት።

ባለቤቴንና ሦስት ልጆቼን ይዤ ከሲልቨር ስፕሪንግ ዳላስ ዘመድ ጥየቃ ልሄድ ነው። ሌሊቱን በአውራ ጎዳናው ዳር ባሉት የመንገደኛ ማረፊያዎች ብናሳልፍ ችግር አለው?

ወንድሜ፣ ሕጉ እንደየግዛቱ ይለያያል። መጀመሪያ የሚያቋርጧት ቨርጂኒያ በማረፊያዎቿ ከ2 ሰዓት በላይ መቆም አትፈቅድም፤ አዳርማ ጭራሽ የተከለከለ ነው። መድረሻዎ ቴክሳስ ደግሞ እስከ 24 ሰዓት ትፈቅዳለች። በመካከል ያሉትን ግዛቶች ደንብ ከመነሳትዎ በፊት አንድ በአንድ ይመልከቱ። ቦታው ላይ ሲደርሱም የተተከለውን ሰሌዳ ያንብቡ፤ ሰሌዳው ከሰው ወሬ ይበልጣል።

በአገራችን መንገድ ላይ የመሸበት ሰው ደጅ ቆሞ «የመሸብኝ እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ይላል። ሳይጠይቅ ግቢ ገብቶ የተኛ ግን እንግዳ አይባልም። የገበያ አዳራሾች የመኪና ማቆሚያም እንደዚያው ነው። ከዋልማርት ቅርንጫፎች አንዳንዶቹ መንገደኛ ያሳድራሉ፤ ሌሎቹ የከተማቸው ደንብ ስለሚከለክል አያሳድሩም። ፈቃድ የሚሰጠው የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ስለሆነ ቀን ደውለው ይጠይቁ።

እኔ አንድ ጊዜ ሳልጠይቅ ቴኔሲ ውስጥ አንድ ትልቅ ሱቅ ደጃፍ ተኛሁ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ መስኮቱ ተንኳኳ። የእጅ ባትሪው ብርሃን በመጋረጃው አልፎ ጣሪያው ላይ ሲንቀጠቀጥ፣ ታናሿ ልጄ ብርድ ልብሷን እስከ አፍንጫዋ ስባ ስታየኝ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ጥበቃው በትሕትና ነበር ያናገረኝ፤ መሄድ ግን ነበረብን። እንቅልፍ ባልጠገበ ዓይን ልጆች ይዤ 40 ማይል ነዳሁ። እስከ አሁን ይቆጨኛል።

ስለዚህ መንገዱ 1300 ማይል ገደማ ስለሆነ በቀን ከ300 ማይል ብዙም ሳያልፉ ይከፋፍሉት። ለእያንዳንዱ ሌሊትም አውራ ጎዳናው አጠገብ ካሉት የግል የካምፕ ሥፍራዎች አስቀድመው ቦታ ይያዙ። ሲይዙ መኪናው ወደ ኋላ ሳይሄድ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው የሚወጣበት ቦታ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። ለለማጅ ሹፌር ትልቅ እፎይታ ነው።

የምንኖረው አሌክሳንድሪያ ነው። ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ሁለት ሌሊት ልናድር አስበናል። ያለ ቡና ሥርዓት መዝናናት አይሆንልንም፤ ከሰልና ዕጣን ይዘን መሄድ እንችላለን?

እህቴ፣ ጀበናዎን ይዘው ይሂዱ። ነገር ግን የበራ ከሰል ለአንድ ደቂቃም ቢሆን መኪናው ውስጥ አይግባ። ከሰል ጭሱ አልቆ ፍም ሲሆን አደጋው ያለፈ ይመስላል፤ አላለፈም። ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። በአገራችን በብርድ ወራት ምድጃ አስገብተው ተኝተው ስላልነቁ ቤተሰቦች ያልሰማ ማን አለ? አርቪ ደግሞ ከአንድ ጠባብ ክፍል አይበልጥም። ጋዙን የሚጠቁመው መሣሪያ በቡና ቁላት ጭስ ወይም በሌላ ምክንያት ቢጮህ ባትሪውን ከማውጣት ይልቅ ሰውን ሁሉ ወደ ውጭ ያውጡ።

ቡናውን ከመኪናው ራቅ ብለው፣ ቦታዎ ላይ ባለው የእንጨት ጠረጴዛ አጠገብ፣ በትንሽ የጋዝ ምድጃ ይቁሉት። የኤሌክትሪክ ዕጣን ማጨሻ ለመጠቀም ካሰቡ፣ በሸናንዶዋ የካምፕ ሥፍራዎች የመብራት መስመር እንደሌለ ይወቁ። ከሰል ለእሳት በተዘጋጀው ቦታ ብቻ ይቀጣጠላል፤ የእሳት እገዳ ከታወጀ ግን እሱም ይቀራል። ሲጨርሱ ፍሙን ውኃ አፍስሰው ያማስሉት፤ በእጅ ሲነኩት እስኪበርድ ድረስ አይተዉት።

እዚያ ድብ ብዙ ነው። ቆሎውንም ሆነ ፈንዲሻውን፣ ስኳሩንም ሆነ ያልታጠበውን ሲኒ ጠረጴዛ ላይ ትተው ለደቂቃ እንኳ አይራቁ፤ ሁሉም መኪና ውስጥ ይቆለፍበት። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት የጸጥታ ሰዓት ስለሆነ ሦስተኛው ከዚያ በፊት ይጠጣ፤ የሙቀጫው ድምፅ በጫካ ውስጥ ሩቅ ይሰማል። አንድ ነገር ልጨምር፦ ፓርኩን በሚያቋርጠው መንገድ፣ በስካይላይን ድራይቭ፣ መኪና የሚያልፍበት የሜሪስ ሮክ ዋሻ ከፍታ 12 ጫማ ከ8 ኢንች ነው። የተከራዩትን አርቪ ቁመት ከአናቱ የማቀዝቀዣ ማሽን ጋር ለክተው ይሂዱ።

እናቴ 67 ዓመቷ ነው፤ ግሪን ካርድ አላት። ለካምፕ ቅናሽ ታገኛለች?

አዎን፣ ታገኛለች። ዕድሜያቸው 62 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ የአሜሪካ ዜጎችና ቋሚ ነዋሪዎች የሚሰጥ የአረጋውያን መግቢያ ካርድ አለ። ለአንድ ዓመት 20 ዶላር፣ ለዕድሜ ልክ 80 ዶላር ነው። በመኪና በሚከፈልባቸው ፓርኮች አብረዋት በመኪናው ያሉትንም ያስገባል። በብዙ የፌዴራል የካምፕ ሥፍራዎችም የአዳሩን ዋጋ በግማሽ ይቀንሳል። ይህን ሳያውቁ ዓመታት ሙሉ ዋጋ የከፈሉ ቤተሰቦች ስላጋጠሙኝ ዛሬውኑ እንዲያወጡላት እለምናለሁ።

ከላስ ቬጋስ ወደ ግራንድ ካንየን በሐምሌ እንሄዳለን። ባለቤቴ በረሃው ላይ በነጻ እንደር ይላል፤ እኔ መብራት ያለበት ቦታ እፈልጋለሁ። ማን ልክ ነው?

ሁለታችሁም፣ እንደ ቦታው። ደጋና ቆላ ለሚያውቅ ሰው መልሱ ከባድ አይደለም። በሐምሌ በላስ ቬጋስ ዙሪያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ይበልጣል፤ ሌሊቱም አይበርድም። እዚያ ማቀዝቀዣ የሚያሠራ መብራት ሳይኖር ከልጆች ጋር መኪና ውስጥ ማደር አደጋ ነው። የግራንድ ካንየን ደቡብ ጠርዝ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2100 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከአዲስ አበባ ብዙም አያንስም። ሲመሽ ጋቢ ያስፈልጋል።

እዚያ ላይ ለእርስዎ የሚሆነው ትሬለር ቪሌጅ ነው፤ መብራት፣ ውኃና የፍሳሽ መስመር አለው። ማዘር የካምፕ ሥፍራ መስመር የለውም፤ ከ30 ጫማ የሚረዝም መኪናም አያስገባም፤ ቦታው ከ6 ወር በፊት ጀምሮ ስለሚያዝ ለሐምሌ ዘግይታችሁ ይሆናል። ለባለቤትዎ ደግሞ ከፓርኩ ውጭ የካይባብ ብሔራዊ ደን አለ፤ በተፈቀደው ክልል እስከ 14 ቀን በነጻ ያሳድራል። ውኃ ሞልተው ይግቡ፣ ቆሻሻችሁን ይዛችሁ ውጡ።

የትም ብታድሩ ግን ደረቅ የወንዝ መሄጃ ውስጥ አትቁሙ። አሸዋው ሜዳና ለመቆም የተመቸ ስለሚመስል ያታልላል። ዝናቡ ሩቅ ተራራ ላይ ዘንቦ ጎርፉ በጠራ ሰማይ ሊመጣ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ድሬዳዋን የመታት ሰው በተኛበት ሌሊት ነበር።

ሴት ነኝ፤ ከሲያትል ብቻዬን ልነዳ ነው። ሌሊቱ ያስፈራኛል።

ሳይጨልም ይድረሱ። የካምፕ ሥፍራው ጠባቂ ካለ ከእሱ አጠገብ ያለውን ቦታ ይጠይቁ። መኪናውን አፍንጫውን ወደ መውጫው አዙረው ያቁሙት፤ ከአልጋው ወደ መሪው የሚያሳልፈውን መንገድ በዕቃ አይዝጉት፤ ቁልፉንም ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይስቀሉት። ልብዎ ያልወደደውን ቦታ ደግሞ ቢከፍሉበትም ትተው ይሂዱ። ስልክ በማይሠራበት ጫካ ከመግባትዎ በፊት የካምፑን ስምና የቦታውን ቁጥር ለእህትዎ ወይም ለጓደኛዎ ይላኩ፤ ጠዋት ስንት ሰዓት ላይ እንደሚደውሉላትም ይንገሯት።