ጥያቄና መልስ፦ «በጭራሽ አይቋረጥ» ስንት ደቂቃ ነው?

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አይቲ አርክቴክቸር ናቸው፤ የአንድ ድርጅት ሲስተሞች ምን ምን እንደሚሆኑና እንዴት እንደሚገናኙ ስለሚወስነው ሥራ ማለት ነው። ኮድ መጻፉን የለመዱና «ቀጥሎስ?» የሚሉ ሰዎች የላኳቸው ይመስላሉ። ረዣዥሞቹን አሳጥሬ፣ ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ እነሆ።

ጥያቄ፦ የኢንተርፕራይዝ አርክቴክትና የሶሉሽን አርክቴክት ልዩነት ምንድን ነው? ሁለቱም ሳጥንና ቀስት ሲስሉ ነው የማየው።

ሳጥኑና ቀስቱስ እውነት ነው። የተለመደው መልስ «አንዱ የከተማ ፕላን ያወጣል፣ ሌላው ቤት ይሠራል» የሚል ነው። ስህተት የለበትም፤ ግን ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስትገባ ምን እንደምትሠራ አይነግርህም።

አንድ ባንክ የደንበኞቹን ስልክ ቁጥር አምስት ቦታ መዝግቧል እንበል። የሂሳቡ ሲስተም፣ የብድሩ፣ የካርዱ፣ የሞባይል መተግበሪያውና የጥሪ ማዕከሉ የየራሳቸው መዝገብ አላቸው። ደንበኛው ቁጥሩን ሲቀይር አንዱ ጋ ይስተካከላል፣ አራቱ ጋ አሮጌው ይቀራል። አሁን አዲስ የብድር መተግበሪያ ይሠራ ተባለ። ሶሉሽን አርክቴክቱ እንዲህ ይጠይቃል፦ መተግበሪያው ቁጥሩን ከየትኛው ሲስተም ያነባል? በየትኛው ኤፒአይ (ሲስተሞች እርስ በርስ በሚነጋገሩበት በር)? ያ ሲስተም መልስ ባይሰጥስ? ኢንተርፕራይዝ አርክቴክቱ ግን ሌላ ነገር ያስጨንቀዋል። መጀመሪያውኑ ለምን አምስት ቦታ ሆነ? የቁጥሩ ባለቤት የትኛው ክፍል ነው? ወደ አንድ ለማምጣት ከየቱ እንጀምር? የመጀመሪያው ሥራ ከፕሮጀክቱ ጋር ያልቃል። የሁለተኛው ፕሮጀክቶች እየመጡ እየሄዱ ይቀጥላል።

ትንንሽ ድርጅቶች ውስጥ ደግሞ ሁለቱንም አንድ ሰው ደርቦ ይይዘዋል። የሥራ መደቡ ስም ብዙ አያስጨንቅህ።

ጥያቄ፦ አራት ዓመት ፕሮግራመር ሆኜ ሠርቻለሁ። የቶጋፍ ሰርተፊኬት ብወስድ አርክቴክት እሆናለሁ?

በሰርተፊኬቱ ብቻ አይሆኑም። ጥቅም የለውም ማለቴ ግን አይደለም።

ቶጋፍ የኢንተርፕራይዝ አርክቴክቸር እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳይ ማዕቀፍ ነው፤ የሚያወጣው ዘ ኦፕን ግሩፕ የሚባል ድርጅት ነው። የመጀመሪያው እትም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1995 ሲሆን፣ መነሻው የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር አዘጋጅቶት የነበረ ማዕቀፍ ነው። 10ኛው እትም በ2022 ወጥቷል። ዋናው ነገሩ ኤዲኤም የሚባለው የሥራ ዑደት ነው። ከዝግጅቱ በኋላ ራዕይ ይቀመጣል። ከዚያ የቢዝነሱ፣ የዳታውና የአፕሊኬሽኑ፣ የቴክኖሎጂው አርክቴክቸር በየተራ ይሠራል። ዛሬ ያለውና ነገ የሚፈለገው ጎን ለጎን ተቀምጠው ክፍተቱ ይታያል። ቀጥሎ ክፍተቱን የሚሞላ ዕቅድ ይወጣል።

ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር አለ። መመሪያው ራሱ ለድርጅታችሁ ልክ አድርጋችሁ ስፉት ይላል። ምዕራፉን ሁሉ፣ ሰነዱን ሁሉ ልሙላ ብሎ የሚነሳ ሰው ግን አይጠፋም። እሱ ወረቀት ሲሞላ ፕሮጀክቱ ያለ እሱ ያልቃል።

የእኔ ምክር፦ ቢያንስ አንድ ሲስተም ከሐሳቡ ጀምሮ ሥራ ላይ ውሎ እስኪበላሽ ድረስ አብረውት ይቆዩ። ከዚያ ይፈተኑ። የሚያነቡት ሁሉ ያኔ ፊት ይኖረዋል። እስከዚያው ገንዘብ የማይጠይቅ መለማመጃ ከፈለጉ፣ ጆን ዛክማን እ.ኤ.አ. በ1987 ያሳተመውና በኋላ የሰፋው ማዕቀፍ ስድስት ጥያቄዎች ላይ የቆመ ነው፦ ምን፣ እንዴት፣ የት፣ ማን፣ መቼ፣ ለምን። የሚሠሩበትን ሲስተም በስድስቱ ይጠይቁት። «ለምን» ላይ ሲደርሱ ብዙ ጊዜ መልስ የሚሰጥ ሰው ይጠፋል።

ጥያቄ፦ አለቃዬ «ሲስተሙ በጭራሽ መቋረጥ የለበትም ብለሽ ጻፊ» አለኝ። ይሄ አርክቴክቸር ውስጥ እንዴት ነው የሚገባው?

እህቴ፣ እንዲሁ እንዳለ አይገባም። ቁጥር መሆን አለበት።

ዓመት 8,760 ሰዓት ነው። 99.9 በመቶ ይሠራል ማለት በዓመት 8 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ ይቋረጣል ማለት ነው። 99.99 በመቶ ከሆነ 53 ደቂቃ ያህል። 99.999 ከሆነ 5 ደቂቃ ከምናምን። አንድ ዘጠኝ በተጨመረ ቁጥር ወጪው ዘሎ ይሄዳል፤ ተጠባባቂ ሰርቨር፣ ሁለተኛ ዳታ ሴንተር፣ ሌሊት ስልክ የሚያነሳ ሰው ይመጣል። አለቃሽን «አምስት ደቂቃ ነው ወይስ ስምንት ሰዓት?» ብለሽ ዋጋውን አጠገቡ ስታስቀምጪለት «በጭራሽ» የሚለው ቃል ቀስ ብሎ ይለዝባል።

ደግሞ ሰንሰለቱን አትርሺ። አንድ ክፍያ ለማለፍ አምስት ሲስተሞች ሁሉም መሥራት አለባቸው እንበል። እያንዳንዳቸው 99.9 ቢሆኑ አንድ ላይ ሲባዙ 99.5 ብቻ ናቸው። ይሄ በዓመት ወደ 44 ሰዓት ነው። እያንዳንዱ ቡድን «የእኔ ጥሩ ነው» ይላል፤ እውነቱንም ነው። ደንበኛው ግን ሁለት ቀን ሊሞላ ምንም ያልቀረው ጊዜ ያጣል።

በተቃራኒው አንዱ ሲወድቅ ሌላው የሚተካው ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። 99 በመቶ የሚሠሩ ሁለት ሰርቨሮች ተተካክተው ሲሠሩ በስሌት 99.99 ይደርሳሉ። በስሌት ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለቱም ያንኑ የመብራት መስመር፣ ያንኑ ስህተት ያለበት ሶፍትዌር ከተጋሩ አብረው ነው የሚወድቁት። ሁለት ገዝተሽ አንድ አለሽ ማለት ነው።

አለቃሽን ሁለት ነገር ጨምረሽ ጠይቂው። ሲወድቅ በስንት ጊዜ ይመለስ? የስንት ደቂቃ ዳታ ቢጠፋ እንችላለን? ሁለተኛውን የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። መጠባበቂያ ቅጂ በቀን አንዴ የሚወሰድ ከሆነ ግን፣ ማንም ባይጠይቅም መልሱ «የአንድ ቀን ዳታ» ሆኗል።

ጥያቄ፦ ሁሉም ወደ ማይክሮሰርቪስ እየሄደ ነው። እኛስ? ቡድናችን ስድስት ሰው ነው።

ስድስት ሰው ከሆናችሁ ተረጋጉ። ማይክሮሰርቪስ ማለት አንዱን ትልቅ ፕሮግራም በኔትወርክ ወደሚነጋገሩ ብዙ ትንንሽ ፕሮግራሞች መከፋፈል ነው። ሜልቪን ኮንዌይ እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው ጽሑፍ እንዳለው፣ አንድ ድርጅት የሚሠራው ሲስተም የሰዎቹን የመነጋገሪያ መስመር ይመስላል። ማይክሮሰርቪስ በዋናነት የሚያቃልለው ብዙ ቡድኖች እርስ በርስ የሚጠባበቁበትን ችግር ነው። አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የምትቀመጡ ከሆነ ያ ችግር የላችሁም።

ያልነበረ ችግር ግን ታመጣላችሁ። አንድ ፕሮግራም ውስጥ የነበረ ጥሪ በኔትወርክ ሲሄድ ይዘገያል፣ ይጠፋል፣ አንዳንዴም ሁለቴ ይደርሳል። ሁለቴ የደረሰው ጥሪ ክፍያ ከሆነ ጉዱን አስቡት። አንዱን ፕሮግራም ውስጡን በደንብ ከፋፍላችሁ ያዙት። በኋላ መነጠል ካስፈለገ የሚነጠልበት ቦታ ያኔ ይታያል።

ጥያቄ፦ ዲያግራም እስላለሁ፤ ስብሰባ ላይ ሳሳየው ግን ማንም አይገባውም።

ምናልባት ሁሉንም አንድ ገጽ ላይ ስለምታደርገው ይሆናል። የሳይመን ብራውንን ሲ4 ሞዴል ሞክረው። አራት ደረጃ አለው፤ እንደ ካርታ እየቀረብክ ትሄዳለህ። በመጀመሪያው ሲስተሙ አንድ ሳጥን ብቻ ነው፤ ዙሪያውን ተጠቃሚዎቹና ሌሎች ሲስተሞች አሉ። በሁለተኛው ሳጥኑ ይከፈታል፦ ድረ ገጹ፣ ሞባይል መተግበሪያው፣ ዳታቤዙ። ሦስተኛውና አራተኛው ወደ ኮዱ ይወርዳሉ፤ እውነቱን ለመናገር እነሱን የምስላቸው ከስንት አንዴ ነው።

ቀስት ላይ ደግሞ ጻፍበት። «ትዕዛዝ ይልካል» የሚል ቀስትና «በሌሊት ፋይል ይወስዳል» የሚል ቀስት አንድ አይደሉም።

ጥያቄ፦ አርክቴክት ኮድ መጻፍ አለበት?

በየቀኑ ባይሆንም ማንበብ መቻል አለበት። አለበለዚያ ዴቨሎፐሮቹ «እሺ» ብለው የራሳቸውን ይሠራሉ።

ጥያቄ፦ የአርክቴክት ማዕረግ የለኝም። ዛሬ ልጀምር ብል ከምን ልጀምር?

ውሳኔ ከመመዝገብ። አንዴ በምሠራበት ድርጅት፣ በየሌሊቱ አንድ ፋይል ከሰርቨር ወደ ሰርቨር የሚገለብጥ ፕሮግራም አገኘን። የጻፈው ሰው ከለቀቀ ቆይቷል። ለምን እንደሚገለብጥ የሚያውቅ አልተገኘም። አጠፋነው። ሦስት ሳምንት ምንም ድምፅ የለም፤ እኛም በራሳችን ኮራን። በወሩ መጨረሻ የሒሳብ ክፍሉ ሪፖርት ባዶ ሆኖ ወጣ።

ይህን ሁሉ ጣጣ አንድ ገጽ የማትሞላ ማስታወሻ ታስቀረው ነበር። ማይክል ናይጋርድ እ.ኤ.አ. በ2011 ያቀረበው ቅርፅ አምስት ክፍል ብቻ አለው፦ ርዕስ፣ ያለበት ሁኔታ (ጸድቋል ወይስ ተተክቷል)፣ መነሻ፣ ውሳኔ፣ መዘዝ። መዘዝ ስል ክፉውንም ደጉንም ነው። ከኮዱ ጋር አብሮ ይቀመጥ። ውሳኔው ሲቀየር አሮጌው አይሰረዝም፤ «በማስታወሻ ቁጥር 14 ተተክቷል» ተብሎ እዚያው ይቆያል፤ አዲስ የመጣ ሰው የመጣችሁበትን መንገድ ያያል።

የመጀመሪያዋን ማስታወሻ አሁን ስለምትጠቀሙበት ዳታቤዝ ጻፍ፦ ለምን እሱ ተመረጠ? መነሻውን ለመሙላት ሦስት ሰው ጠይቀህ ሦስት የተለያየ መልስ ካገኘህ፣ ሦስቱንም ጻፋቸው።