እረኛ ምን አለ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የሁለተኛ ዓመት የታሪክ ተማሪ ነኝ። መምህራችን «አምባገነን ሁሉ አንድ አይደለም፣ ቶታሊቴሪያን የሚባለው ለብቻው ነው» አሉን። ለእኔ ግን የሚያስር ያው የሚያስር ነው፣ የሚገድልም ያው የሚገድል ነው። ልዩነቱ ለታሳሪው ምን ይፈይድለታል? ሁለተኛው ጥያቄዬ ደግሞ፣ ታንክና ፖሊስ ያለው መንግሥት ግጥምና ልብ ወለድ ምን ያደርገኛል ብሎ ነው የሚፈራው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ እህቴ። ስለ ታሳሪው ያልሽው ልክ ነው። ሲሚንቶ ላይ ለሚተኛ ሰው የአገዛዙ ስም ብርድ ልብስ አይሆነውም። ልዩነቱ በደንብ የሚታየው ውጭ በቀረው ሰው ላይ ነው። ባልታሰረው ላይ።

ተራው አምባገነን የሚፈልገው ዝም እንድትይለት ነው። ወንበሬን አትንኪ እንጂ ቤትሽ ገብተሽ የፈለግሽውን አስቢ ይልሻል። ቶታሊቴሪያኑን ግን ዝምታሽ አይበቃውም። እንድትናገሪለት ይፈልጋል። እንድታጨበጭቢ፣ ሰልፍ እንድትወጪ፣ ጓደኛሽ ላይ እንድትመሰክሪ፣ ማታ ብቻሽን ስትሆኚም እሱ ያለውን እንድታስቢ። ቃሉ የተወለደው ጣሊያን ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የሙሶሊኒ ተቃዋሚዎች ለነቀፋ ያወጡት ስም ነበር፤ ሙሶሊኒ ግን ወደደውና ለራሱ ወሰደው። እ.ኤ.አ. በ1925 ሁሉም ነገር በመንግሥት ውስጥ ይሁን፣ ከመንግሥት ውጭ ምንም አይኑር፣ መንግሥትን የሚቃወምም ምንም አይኑር ብሎ በአደባባይ ተናገረ። ከ10 ዓመት በኋላ ጦሩን ወደኛ ያዘመተው ይኸው ሰው ነው።

በእኛ ቋንቋ ልንገርሽ። «እረኛ ምን አለ?» የሚባል የቆየ ነገር አለን። ድሮ ገዢዎች የአገሩን ሆድ ለማወቅ እረኛው ሜዳ ላይ ምን እያለ እንደሚያንጎራጉር ያስጠይቁ ነበር ይባላል። የሰሙት ነገር ሊያስቆጣቸው ይችላል፣ ሊቀጡበትም ይችላሉ። ግን ጠየቁ። መጠየቃቸው እረኛው የራሱ ሆድ እንዳለው ማመናቸው ነው። ቶታሊቴሪያን እረኛውን አይጠይቀውም፤ የሚዘፍነውን ጽፎ ይሰጠዋል። ለእኔ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

በጃንሆይ ዘመን ሳንሱርም እስርም ነበረ። ያንን ማለባበስ አልፈልግም። ግን አንድ የጉለሌ ሸማኔ በየጊዜው እየተሰበሰበ ስለ ንጉሡ ፍልስፍና እንዲወያይ፣ የተወያየበትንም እንዲያምንበት አልተጠየቀም። ደርግ ጠየቀ። የውይይት ክበብ መጣ፣ ሂስና ግለ ሂስ መጣ። እናቴ ከዚያ ዘመን ከምንም በላይ የምታስታውሰው ግራ እጇን ነው። ቀበሌ ስብሰባ ላይ መፈክር ሲባል ግራ እጅ ተጨብጦ ይነሳል። የዚያን ቀን ታናሽ ወንድሟ ከተወሰደ ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር። ቤቴ ቀርቼ ባለቅስ ምን ነበረበት ትላለች። መቅረት ግን አይቻልም፤ ስም ይጠራል፣ ስኳሩም ዘይቱም የሚገኘው ከቀበሌው ሱቅ ነው። መፈክሩ ሲጀመር እጇ አልነሳ አላት። አጠገቧ የተቀመጠችው ጎረቤት አየቻትና በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። አነሳችው። ይህን ሁሉ ዘመን ቆይቶ እንኳ የወንድሟን መታሰር እንባ ሳይወጣት ታወራዋለች፣ እጇ ላይ ስትደርስ ግን ታለቅሳለች።

አሁን ወደ ግጥሙ። አና አኽማቶቫ የምትባል ሩሲያዊት ገጣሚ ነበረች። ከእኛ ጋር የሚያገናኛት ነገርም አለ፤ የመጀመሪያ ባሏ ኒኮላይ ጉሚልዮቭ፣ እሱም ገጣሚ፣ አገራችንን ይወድ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1913 ሐረር ድረስ መጥቶ ያኔ ደጃዝማች የነበሩትን ተፈሪ መኮንንን አግኝቷል። በ1921 ቦልሼቪኮች ረሸኑት። ልጃቸው ሌቭ በ1938፣ ስታሊን አገሩን በሚያተራምስበት ሰዓት፣ ታሰረ። እናት ሌኒንግራድ ውስጥ በእስር ቤት በር ላይ 17 ወር ተሰለፈች። በቀይ ሽብር ጊዜ ስንቅ ያመላለሰ ቤተሰብ ይህን ሰልፍ ያውቀዋል። አንድ ቀን ከኋላዋ የቆመች ከንፈሯ በብርድ የጠቆረ ሴት ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ፣ እዚያ ሁሉም ሰው በሹክሹክታ ነበር የሚያወራው፣ «ይሄንን መጻፍ ትችያለሽ?» አለቻት። «እችላለሁ» አለቻት።

ግን የት ይጻፍ? ቤት ይፈተሻል። ግድግዳውም ይሰማል ብላ ትሰጋለች። ወዳጇ ሊዲያ ቹኮቭስካያ ስትመጣ አኽማቶቫ ጮክ ብላ ስለ ሻይ ወይም ስለ አየሩ ታወራለች፤ አፏ ያንን እያወራ እጇ ቁራጭ ወረቀት ላይ ግጥሙን ይጽፋል። ሊዲያ ደጋግማ ታነበዋለች፣ በቃሏ ትይዘዋለች፣ ወረቀቱን ትመልሳለች። ከዚያ ክብሪት ይጫርና ወረቀቱ መተርኮሻው ላይ ይነዳል። «ሬኩዊየም» የሚባለው ግጥም እንዲህ እየተቃጠለ በጥቂት ወዳጆች ጭንቅላት ውስጥ ኖረ። መጀመሪያ የታተመው በ1963 ሙኒክ ውስጥ ነው። በገዛ አገሯ የወጣው በ1987 ነው፣ እሷ ከሞተች ከ21 ዓመት በኋላ።

መምህርሽ ያሉት ልዩነት ደግሞ ከዚህ በኋላ ይመጣል። በ1946 ከደራስያን ማኅበር አባረሯት፣ መጻሕፍቷም እንዳይወጡ ሆነ። ዝም አለች። ተራ አምባገነን ቢሆን ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። በ1949 ግን ሌቭን እንደገና አሰሩት። በ1950 «ኦጎንዮክ» በተባለው መጽሔት ላይ ስታሊንን የሚያወድሱ ግጥሞቿ ወጡ። እናት ናት፣ ልጇን ታድናለች፣ ማንም ሊፈርድባት አይችልም። እረኛው የተጻፈለትን ዘፈነ። ሌቭ ግን አልተፈታም፤ የተፈታው ስታሊን ከሞተ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1956 ነው።

ግጥም ለምን ይፈራል ላልሽው፣ አንደኛው ምክንያት ፍተሻ የማይደርስበት ቦታ መቀመጡ ነው። ሌላው ሩሲያዊ ገጣሚ ኦሲፕ ማንደልስታም ስታሊን ላይ 16 መስመር ግጥም ገጥሞ ለጥቂት ሰዎች በቃሉ አሰማ፤ በ1934 ታሰረ፣ በ1938 መጨረሻ በምሥራቅ ጠረፍ የእስረኞች ካምፕ ውስጥ ሞተ። 16 መስመር! ሌላውና ለእኔ ዋናው ግን ይህ ነው። እናቴ ያን ቀን እጅ የከበዳት እሷን ብቻ ይመስላት ነበር። ያ ሁሉ ሰልፍና መፈክር የሚደረገው እያንዳንዱ ሰው ከእኔ በቀር ሁሉም አምኗል ብሎ እንዲያስብ ነው። አንድ ሰው «እጄ ከብዶኛል» ብሎ ከጻፈና ሌላው ካነበበው ግን ሁለት ሆኑ። ከዚያ በኋላ ጎረቤትሽ በክርኗ ስትጎሽምሽ እሷም እንዳንቺው መሆኗን ትጠረጥሪያለሽ።

የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» በዚህ ዓይን አንብቢው። በዓሉ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ትልቅ ባለሥልጣን ነበር፣ ደርግ ኤርትራ ውስጥ ያካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ ከውስጥ ያየ ሰው። ዝም እንዲል ብቻ አልነበረም የሚፈለገው፣ አገዛዙ ያለውን እንዲያሰማ እንጂ። ያየውን የጻፈበት ይህ ልብ ወለድ በ1975 ዓ.ም. ወጣ፣ ብዙ ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፣ እሱም ሥራውን አጣ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ ወጥቶ ሳይመለስ ቀረ። መቃብሩ ዛሬም አይታወቅም። «ኦሮማይ» ግን በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር።

ሁለት ዓመት ቆይተሽ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ሲቸግርሽ አንድ ልጠቁምሽ። በቀይ ሽብር ጊዜ ስንቱ ቤተሰብ መጽሐፉን ምድጃ ውስጥ ጨምሯል፣ ሽንት ቤት ጥሏል። ሰፈርሽ ያሉትን ትልልቅ ሰዎች ዞረሽ ምን ምን እንዳቃጠሉ ጠይቂያቸው። ከተቃጠለው ውስጥ በቃላቸው የቀረ መስመር ካለም ቁጭ ብለሽ ጻፊው፣ ስማቸውን ግን ካልፈቀዱልሽ አትጻፊ። ለእኔም ላኪልኝ።