መልስ፦ ጎድዚላ ተራ አውሬ ነውን?

«በጥንቶቹ የግዙፍ አውሬ ፊልሞች ውስጥ አለ የሚባለው ፖለቲካ ተመልካች ኋላ የጨመረው ትርጉም አይደለም ወይ?» ብለው ለጠየቁት፣ ቢያንስ ግዙፍ አውሬ ስለሚታይበት ስለ መጀመሪያው የጃፓን «ጎድዚላ» ፊልም መልሴ «አይደለም» ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 1 ቀን 1954 አሜሪካ በፓስፊክ ውቅያኖስ ባሉት የቢኪኒ ደሴቶች የሃይድሮጂን ቦምብ ስትሞክር፣ ጨረር ያዘለው አመድ «ዕድለኛው ዘንዶ ቁጥር 5» በተባለች የጃፓን ዓሣ አጥማጅ ጀልባ ላይ ዘንቦ 23ቱንም ሠራተኞች ለሕመም ዳረጋቸው፤ የራዲዮ ሠራተኛዋም ዓመቱ ሳያልቅ ሞተ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ለእይታ የበቃው ፊልም የሚጀምረው በባሕር መካከል ድንገት በፈነጠቀ ብርሃን በምትጠፋ መርከብ ስለሆነ፣ የጃፓን ተመልካች ነገሩን ለመረዳት አስረጂ አላስፈለገውም።

ዳይሬክተሩ ኢሺሮ ሆንዳ ከዘመቻ ሲመለስ የወደመችውን ሂሮሺማን በዓይኑ ያየ ሰው ነበር። በተቃጠለችው ቶኪዮ ልጆቿን አቅፋ «አሁን ወደ አባታችሁ እንሄዳለን» የምትለው እናት ትዕይንት፣ ለእኔ ከአውሬው ጩኸት ሁሉ ይበልጥ ያስፈራል። ከዚህም የሚከብደው የሳይንቲስቱ የሴሪዛዋ ጉዳይ ነው፤ አውሬውን የሚገድል መሣሪያ በእጁ ሳለ፣ ፖለቲከኞች ነገ ለጦርነት እንደሚያውሉት ስለሚያውቅ ጽሑፎቹን አቃጥሎ ዕውቀቱን ይዞ ባሕር ውስጥ ይቀራል።

ፖለቲካው አልታይዎ ካለ ምናልባት ያዩት እ.ኤ.አ. በ1956 ለአሜሪካ ተመልካች የተቀናበረውን ቅጂ ይሆናል፤ በእሱ ውስጥ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ተጨምሮ፣ ስለ ቦምቡ ከተነገረው ብዙው ተቆርጧል። እባክዎ የጃፓኑን ቅጂ ፈልገው ይመልከቱ።