ሲቢላ ሃሪን ለምን አላገባችውም?

የ«ማይ ብሪሊያንት ካሪር» ልቦለድ ዋና ገጸ ባሕርይ ሲቢላ የሃሪን የጋብቻ ጥያቄ እምቢ ያለችው ትዳር ነፃነቷን እንዳይነጥቃት ፈርታ ነው። «ኩራት ነው ወይስ አትወደውም?» ብለሽ ጠይቀሻል፤ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ የለብሽም። ሃሪ ቢቻም ደግ ሰው ነው፣ እሷም ታከብረዋለች።

አውስትራሊያዊቷ ማይልስ ፍራንክሊን በ1901 ባሳተመችው በዚህ ልቦለድ መልሱን በሌሎቹ ሴቶች ሕይወት ውስጥ አስቀምጣዋለች። የሲቢላ እናት ከደህና ቤት ወጥታ በሰካራም ባልና በልጆች ብዛት ተጎሳቁላለች። አክስቷን ሄለንን ባሏ ጥሏት ሄዷል። ልጅቷ ትዳርን ያወቀችው በእነሱ ነው።

ከዚያ ሃሪ ንብረቱን ያጣበትን ክፍል መልሰሽ አንብቢ። ደኽይቶ ሳለ ልታገባው ቃል ትገባለታለች። ሀብቱ ሲመለስለት ግን ትተወዋለች! ለእኔ ትልቁ ማስረጃ ይሄ ነው፤ ጽሑፍሽን በእሱ ላይ ብትገነቢው ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። ከመጽሐፉ የተሠራውን የ1979ኙን ፊልም ብቻ አይተሽ እንዳትጽፊ። ፊልሙ የሚያልቀው ሲቢላ የመጽሐፏን የእጅ ጽሑፍ ለአሳታሚ ስትልክ ነው፤ ተስፋ አለው። በመጽሐፉ ግን የምንለያት እዚያው ቤተሰቧ በድህነት በሚኖርበት ገጠር፣ ፖሰም ጋሊ፣ ከነድካሟ ነው። ሁለቱን የሚቀላቅሉ ጽሑፎች ብዙ ጊዜ ገጥመውኛል፤ ክርክራቸው መጨረሻው ላይ ሲደርስ ይፈርሳል።